አኑቢያስን በቲሹ ካልቸር ለማባዛት የእናት ተክል አያያዝ
አኑቢያስ በምዕራብና በመካከለኛው አፍሪካ ወንዞች ዳር የሚበቅል፣ ለዓሣ ማሳያ ገንዳ ጌጥነት የሚፈለግ ተክል ነው። አግዳሚ ግንዱ በዝግታ ስለሚያድግ ቆርጦ በመትከል የሚገኘው ችግኝ ጥቂት ነው። ቲሹ ካልቸር ይህን ቢያቃልልም ብክለት ዋና እንቅፋቱ ነው። ከውኃ ውስጥ የተወሰደ ቁራጭ አልጌና ባክቴሪያ ይሸከማል፤ የበረኪናው መጠን ሲጨምር ለስላሳው ሕብረ ሕዋስ ይሞታል፣ ሲቀንስ ደግሞ ማሳደጊያው ይበከላል። ስለዚህ እናት ተክሉን አስቀድሞ ከውኃ በላይ፣ በእርጥብ አየር ማሳደግና ቁራጩን ከአዲስ ቡቃያ መውሰድ ይመረጣል። ሙራሺጌና ስኩግ በ1962 እ.ኤ.አ. ይፋ ባደረጉት የንጥረ ምግብ ቅይጥ ላይ ሳይቶካይኒን ቡቃያን፣ ኦክሲን ሥርን ያበረታታሉ፤ የተበከለን ቁራጭ ግን አያድኑም። በሕብረ ሕዋሱ ውስጥ የተደበቀ ባክቴሪያ ዘግይቶም ሊታይ ስለሚችል፣ ንጽሕናው በየማባዛት ዙሩ ሊፈተሽ ይገባል።