ድምፃችሁ ከጣታችሁ ጫፍ ይጀምራል

ስቲል ጊታር ለመማር የቆረጠ ሰው ሐሳቡን ሁሉ የሚሰጠው ለመሣሪያው ነው። ባለ ስድስት ክር ልግዛ ወይስ ባለ አሥር? የክሩን ድምፅ በእግር እየረገጡ የሚለውጡበት ፔዳል ይኑረው ወይስ ጭን ላይ የሚቀመጠው ይሻለኛል? አምፕሊፋየሩስ የትኛው ይሁን? እነዚህን ሲያወጣና ሲያወርድ ወራት ይከርማል፤ ገንዘብም ያጠራቅማል። ጣቶቹ ላይ የሚያጠልቃቸውን ሦስት ትንንሽ ፒኮች ግን ሒሳብ ሊከፍል ሲል ከመደርደሪያው አንስቶ በምርቃት መልክ ያስጨምራቸዋል። እኔ ቅደም ተከተሉን ገልብጡት እላለሁ። ከዕቃዎቻችሁ ሁሉ ርካሾቹ እነሱ ሆነው ሳለ ድምፃችሁ ላይ ያላቸው ሥልጣን ግን ትልቅ ነው። ደስ የሚለው ነገር፣ ፒክን ለራስ ጣት እንዲሆን አድርጎ ማበጀት ሀብትም የተለየ ተሰጥኦም አይጠይቅም። ትንሽ ትዕግሥት ያለው ሁሉ ይችለዋል። እናንተም ትችሉታላችሁ!

ሥልጣናቸው ከየት እንደሚመጣ ለማየት መሣሪያውን ልብ በሉት። ስቲል ጊታር ተጋድሞ ነው የሚጫወቱት። ግራ እጅ ክሩን በጣት አይጫንም፤ ከበድ ያለ ልሙጥ ብረት ይዞ በክሮቹ ላይ ይንሸራተታል። ያ የሚያለቅስ የሚመስለው፣ ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው ሳይቋረጥ የሚፈስሰው ዜማ የሚወጣው ከዚህ ነው። ድምፁ መቼ እንደሚነሳ፣ በምን ያህል ጉልበት እንደሚነሳ፣ ሲነሳ ለስለስ ይበል ወይስ ይሹል የሚለውን የሚወስነው ግን ቀኝ እጅ ነው። ክራር የሚደረድር አንባቢ ይህን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም። በባዶ ጣት የተነካ ክራርና በመምቻ የተመታ ክራር፣ በአንድ ቅኝት ተቃኝተው እንኳ ጠባያቸው ለየቅል ነው።

መሣሪያው የተወለደው በሃዋይ ነው። በኦዋሁ ደሴት፣ ላኢኤ በሚባል ቦታ ያደገው ጆሴፍ ኬኩኩ በ19ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ላይ፣ ገና ተማሪ ሳለ፣ በጊታር ክር ላይ ብረት እያንሸራተተ መጫወት እንደጀመረ ይነገርለታል። ሐሳቡ የመጣለት ከባቡር ሐዲድ አጠገብ ያነሳው ብሎን ክሩን ሲነካበት ነው የሚሉ አሉ፤ በማበጠሪያና በሰንጢ ሲሞክር ነው የሚሉም አሉ። ኋላ ላይ በተማረበት በካሜሃሜሃ ትምህርት ቤት ወርክሾፕ ውስጥ ለእጁ የሚስማማውን ብረት ራሱ እንዳበጀም ይተረካል። በ1904 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) ሃዋይን ለቆ ወጣ፤ አጨዋወቱንም በአሜሪካ፣ ከዚያም በአውሮፓ መድረኮች አስተዋወቀ። ይህን ታሪክ የምወድደው ለአንድ ምክንያት ነው። ልጁ የሚፈልገውን መሣሪያ የሚሸጥለት ሱቅ አልነበረም። ስላልነበረም አልተወውም፤ እጁን እያዳመጠ ሠራው። ዛሬ ሱቁ ሞልቷል፤ እጅን የማዳመጡ ሥራ ግን ያኔም ዛሬም የተጫዋቹ ነው።

የተለመደው አደራረግ እንዲህ ነው፦ ለአውራ ጣት የፕላስቲክ ፒክ፣ ለሌባ ጣትና ለመሀል ጣት የብረት ፒክ። የቀለበት ጣታቸውን የሚጨምሩም አሉ፤ ለመጀመር ግን ሦስቱ ይበቃሉ። ይበቃሉ ስል ለማጽናናት አይደለም። በ1955 ከሌስተር ፍላትና ከኧርል ስክራግስ ቡድን ጋር የተቀላቀለው ጆሽ ግሬቭስ፣ ስክራግስ ባንጆ የሚጫወትበትን የሦስት ጣት ስልት ወደ ዶብሮ አመጣው። ዶብሮ ሆዱ ውስጥ ከስስ ብረት የተሠራ ሾጣጣ ያለው፣ በብረት እየተንሸራተተ የሚጫወቱት ጊታር ነው። ብሉግራስ በሚባለው የአሜሪካ ሙዚቃ ከግሬቭስ በኋላ የመጡ የዶብሮ ተጫዋቾች እስከ ዛሬ የሚሄዱበት መንገድ የተጠረገው በእነዚሁ ሦስት ጣቶች ነው።

የብረት ፒክ ስትገዙ አንድ ቁጥር ታያላችሁ። ውፍረቱ ነው፤ የሚለካውም በኢንች ነው። የደንሎፕን ብንወስድ ከ0.013 ተነስቶ እስከ 0.025 ይደርሳል፤ በሚሊሜትር ከ0.33 እስከ 0.64 ገደማ መሆኑ ነው። ዓይን ልዩነቱን እምብዛም አያየውም፤ ጣት ግን ወዲያው ያውቀዋል። ቀጭኑ በቀላሉ ይታጠፋል፤ ክሩን ሲነካ እሱም ዘንበል ስለሚል ምቱ ይለሰልሳል፣ ድምፁም ይሳሳል። ወፍራሙ አይበገርም፤ የጣታችሁን ጉልበት ሳይቀንስ ለክሩ ያደርሳል፣ ድምፁም ይሞላል፤ ወደ ጣታችሁ ቅርጽ ለማምጣት ግን ፒንሳ ያስፈልገዋል። እኔ ብጠየቅ ለጀማሪ ከ0.018 እስከ 0.020 ያለውን እመርጣለሁ። ከመሀል የጀመረ ሰው ወደ ቀጭኑ ይሂድ ወደ ወፍራሙ፣ የሚያውቀውን ይዞ ያነጻጽራል። ከምን ማዕድን ይሠራ የሚለው ክርክር ረጅም ነው፤ ለመጀመሪያው ዓመት አያስጨንቃችሁ። ከማዕድኑ ይልቅ ውፍረቱና ቅርጹ ይበልጣሉ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። ከመደርደሪያ የወረደ ፒክ የእናንተ የሚሆነው ስታጎብጡት ነው። ፋብሪካው የሠራው ለማንም ጣት ነው፤ የናንተን ጣት አይቶት አያውቅም። ስለዚህ አጥልቃችሁ ቢያምማችሁ ወይም ቢወልቅባችሁ “ይህ ነገር ለእኔ አልተፈጠረም” ብላችሁ አታስቀምጡት። ሥራው ገና አልተጀመረም!

መጀመሪያ አቅጣጫውን አረጋግጡ። ክሩን የሚነካው የፒኩ ምላስ በጥፍር በኩል ሳይሆን በጣት ሆድ በኩል ነው የሚውለው፤ ሁለቱ ክንፎች ደግሞ ከጥፍር በኩል ጣቱን ያቅፋሉ። ክንፎቹን በጥቂት በጥቂቱ እየጨመቃችሁ አጥብቡ። እጃችሁን አራግፋችሁ ካልወለቀ በቂ ነው። የጣታችሁ ጫፍ ከገረጣ ወይም ከጠቆረ ግን አጥብቃችሁታልና መልሳችሁ አላሉት። ጥብቅ ፒክ ላይ መጽናት ጀግንነት አይደለም፤ ደም ያልደረሰው ጣት አይሰማም፣ የማይሰማ ጣት ደግሞ አይማርም።

ቀጥሎ ምላሱ ይመጣል። አዲስ ፒክ ሲገዛ ምላሱ ብዙውን ጊዜ ቀጥ ያለ ነው፤ ቀጥ ያለ ምላስ ደግሞ ክሩን ይነክሰዋል። የጣታችሁን ጫፍ ክብነት ተከትሎ ወደ ላይ እንዲቀለበስ አድርጋችሁ አጉብጡት። ፒንሳ ከተጠቀማችሁ ብረቱ እንዳይቧጨር ጨርቅ ጠቅልሉበት። ከጣት ሥጋ አልፎ የሚወጣው ክፍል ሁለት ሦስት ሚሊሜትር ቢሆን ለብዙ ሰው ይመቻል፤ ሲረዝም ጣትና ክር ይራራቃሉ፣ ሲያጥር ሥጋው ክሩን ይመታል። ከዚያ ምላሱ ክሩን የሚለቅበትን ጠርዝ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት አለስልሱ። በተለይ ሽቦ በተጠመጠመባቸው ወፋፍራም ክሮች ላይ ጠርዙ የሻከረ ፒክ ሲቧጥጥ ይሰማል፤ አምፕሊፋየር ደግሞ መቧጠጡንም አብሮ ያጎላዋል። ይህን ሁሉ በአንድ ተቀምጦ አትጨርሱት። ትንሽ አጥፉ፣ አጥልቁ፣ ተጫወቱ፣ እንደገና አጥፉ። በዚህ መሀል ለድምፅ ያላችሁ ጆሮ አብሮ ይሠለጥናል፤ እኔ ከሁሉ በላይ የምወድደውም ይህንን ነው። ስለ ምላስ ጉብጠት የምታስቡ ይመስላችኋል እንጂ፣ “እኔ የምፈልገው ድምፅ የትኛው ነው?” የሚለውን ትልቅ ጥያቄ እየመለሳችሁ ነው።

የአውራ ጣት ፒክ የራሱ ጠባይ አለው። የሚሸጠው ትንሽ፣ መካከለኛና ትልቅ እየተባለ ነው፤ ሳታጠልቁት አትግዙት። የሚላላ ከሆነ በዘፈኑ መሀል ይዞርባችኋል፤ የሚዞር ፒክ ደግሞ ልብን ይሰርቃል፣ ስለ ዜማው ታስቡ የነበራችሁት ስለ ፕላስቲክ ማሰብ ትጀምራላችሁ። ብዙዎቹ የፕላስቲክ ፒኮች በጣም የሞቀ ውኃ ውስጥ ሲቆዩ ይለሰልሳሉ፤ በዚያው ቅርጹን አስተካክሎ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ መንከር ነው። እሳት ግን ፈጽሞ አታስጠጉት፤ ከሴሉሎይድ የተሠራ ከሆነ በቅጽበት ይነድዳል። አንዱ ከ30 ዶላር በላይ የሚሸጥ የአውራ ጣት ፒክም አለ። አሜሪካ ያላችሁ አንባቢዎች መደብር ውስጥ ታገኙት ይሆናል። መጥፎ ዕቃ አይደለም፤ ርካሹን አስተካክላችሁ የምትወዱትን ርዝመትና ስፋት ሳታውቁ ግን አትግዙት።

ያለ ፒክ በባዶ ጣት የሚጫወቱም አሉ፤ ድምፃቸው ሞቅና ለስለስ ይላል። ምርጫቸውን አከብራለሁ። የምመክረው ግን ፒክን በደንብ ሞክራችሁ፣ ለምዳችሁ፣ ከዚያ እንድትተዉት ነው፤ ስላስቸገረ የተተወና ታውቆ የተተወ አንድ አይደሉም።

ያስቸግራልና። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከባድ ናቸው። ፒክ እንደ አዲስ ጫማ ነው፤ በትክክል ልክ የሆነው እንኳ መጀመሪያ ላይ ያስነክሳል። ትናንት ሥጋው ክሩን ሲነካ ያውቅ የነበረው ጣት ዛሬ በብረት ተሸፍኖ መንገዱ ይጠፋበታል። ያልፈለጋችሁትን ክር ትነካላችሁ። ገና የሚርገበገብ ክር ላይ ፒኩ ሲያርፍ ይንጫጫል። ይህን ጊዜ ነው ብዙ ሰው ፒኩን አውልቆ ሌላ ዓይነት የሚያዝዘው፤ ሌላውም ሲያስቸግረው ሦስተኛ ያዝዛል፤ መሳቢያው በፒክ ይሞላል፣ እጁ ግን አንዱንም አልለመደም። ወዳጆቼ፣ ልክ የሆነ ፒክ ካገኛችሁ እሱው ላይ ቆዩ። ሌባ ጣትና መሀል ጣት ውፍረታቸው ስለሚለያይ የየጣቱን ፒክ በምልክት ለዩት፤ ዛሬ የሌባ ጣት፣ ነገ የመሀል ጣት እየሆነ የሚቀያየር ፒክ ለማንም አይመቸውም። መንጫጫቱን ለመቀነስ ደግሞ ይህን ተለማመዱ፦ ክር ሳታሰሙ ፒካችሁን ክሩ ላይ በዝምታ ማሳረፍ፣ ከዚያ መልቀቅ፣ ከዚያ በመዳፋችሁ ጠርዝ ክሩን ማስቆም። ቀርፋፋ ሥራ ነው። ፍጥነት የሚመጣው ግን በዚሁ በኩል ነው።

በመጽናት ረገድ ሁለት ታላላቅ ሰዎችን አስቡ። ጄሪ ባይርድ በ1920 በኦሃዮ ተወልዶ፣ የሃዋይን ሙዚቃ ከሩቅ አገር ወድዶ፣ በፔዳል አልባው ስቲል ጊታር በንክኪውና በድምፁ ጥራት ስመ ጥር ሆነ። በ1954 በድ አይዛክስ በካንትሪ ዘፋኙ በዌብ ፒርስ ዘፈን ላይ ያሰማው የፔዳል ድምፅ የካንትሪ ሙዚቃ መዲና የሆነችውን ናሽቪልን ሲያጥለቀልቅ፣ ሁሉም ፔዳል ሲፈልግ፣ ባይርድ በራሱ መንገድ ቀጠለ። በ1972 ሃዋይ ገብቶ ኖረ፤ መሣሪያው ለተወለደበት ሕዝብ ልጆችም እሱ ከኦሃዮ የመጣው ሰው አስተማሪ ሆነላቸው። በዚያው በ2005 አረፈ። በሌላ በኩል በ11 ዓመቱ ስቲል ጊታር የተሰጠው በዲ ኤመንስ ወደ ፔዳሉ ዘልቆ ገባ፤ ከሾት ጃክሰን ጋር ሾ-በድ የተባለውን የፔዳል ስቲል ፋብሪካ መሠረተ፣ መሣሪያውንም አሻሽሎ ለሌሎች አስረከበ። የሄዱበት አቅጣጫ ተቃራኒ ነው፤ እኔ ግን ሁለቱም ልክ ነበሩ ባይ ነኝ። ሁለቱም እጃቸው የሚፈልገውን አውቀው፣ እዚያ ላይ ዕድሜያቸውን አፍስሰዋል። የምትወዱት ተጫዋች የሚጠቀምበትን የፒክ ቁጥር ማወቅ ጥሩ መነሻ ነው፤ ጣቱን ግን አልሰጣችሁም፣ እናንተም አትፈልጉትም።

እንግዲህ በዚህ ሳምንት ጀምሩት። ሁለት 0.018 የብረት ፒክና አንድ መካከለኛ የአውራ ጣት ፒክ ግዙ፤ ከተቻለ ሁለት ሁለት ስብስብ ይሁን፣ አንደኛውን ስታጣጥፉ ብታበላሹት ሁለተኛው ይተካዋል። ጊታሩን ከአምፕሊፋየር ሳታገናኙ አንድ ክር ብቻ መርጣችሁ በሦስቱ ጣቶች በየተራ ንኩት። ሦስቱ ድምፆች እኩል ጎልተው ካልወጡ የተለየውን ፒክ አውልቁ፣ ምላሱን ትንሽ አቅኑት ወይም አጉብጡት፣ አጥልቁና ደግሞ ንኩት።