ፍሬ በል የሌሊት ወፍና የፍራፍሬ ተክል

ከደብረ ታቦር ደጋ ወደ ፎገራ ወረድ ሲባል ማንጎ፣ ፓፓያና ዘይቱን የሚያለማ ገበሬ ማታ ደህና የነበረውን ፍሬ ጠዋት ተቦጭቆ ሲያገኘው፣ ቶሎ የሚታሰበው መፍትሔ ዋሻውን በጭስ ማጠን ነው። ይህ እርምጃ ለምን እንደማይጠቅምና በምትኩ ምን መደረግ እንዳለበት ከዚህ በታች እንገልጻለን።

አስቀድሞ በዳዩን መለየት ያስፈልጋል። ወፍ የነካው ፍሬ በምንቃር የተወጋ ነው። ጦጣና ዝንጀሮ የሚመጡት በቀን ነው። ከዛፉ ሥር ተመጥጦ የተተፋ ቃጫ ከተገኘ ግን የፍሬ በል የሌሊት ወፍ ሥራ መሆኑን መገመት ይቻላል። በየጣሪያው ሥር የሚያድሩት ትናንሾቹ የሌሊት ወፎች አብዛኞቹ ነፍሳት በል ስለሆኑ ፍሬ አይነኩም፤ እንዲያውም የገበሬው ረዳቶች ናቸው።

አኗኗሯ

በዋሻ የምትኖረው ፍሬ በል በሳይንሳዊ ስሟ ሩሴተስ ኤጂፕቲያከስ ትባላለች። ፊቷ የውሻ ይመስላል፤ ዓይኗ ትልቅ ነው፤ ክንፏ ሲዘረጋ 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። በጨለማ ዋሻ ውስጥ ምላሷን ቀጭ ቀጭ እያደረገች፣ የገደል ማሚቶውን በመስማት መንገዷን ታገኛለች። እርግዝናዋ አራት ወር ያህል ይፈጃል፤ አብዛኛውን ጊዜም የምትወልደው አንድ ብቻ ነው።

የዱር ምግቧ በተለይ የሾላና የዋርካ ፍሬ ነው። ጭማቂውን መጥጣ ቃጫውን ትተፋለች፤ ጥቃቅኑን ዘር ግን ውጣ ስትበር በኩሷ ትጥለዋለች። በደቡብ ጎንደር የአገር በቀል ደን የቀረው በአብዛኛው በየአብያተ ክርስቲያናቱ ቅጥር በመሆኑና በመካከሉ ሰፊ እርሻ ስላለ፣ ዘርን ከአንዱ ደን ወደ ሌላው ሊያሻግር የሚችል እንስሳ በቀላሉ የሚታይ አይደለም።

ዋሻ ማጠን ለምን ይከለከላል?

በእስራኤል እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ለብዙ ዓመታት ዋሻዎች በመርዝ ሲታጠኑ ክፉኛ የተጎዱት ነፍሳት በሎቹ ነበሩ። ከዚህ የከፋው በኡጋንዳ የደረሰው ነው። በኪታካ የማዕድን ጉድጓድ እ.ኤ.አ. በ2007 ሠራተኞች በማርበርግ በሽታ ተያዙ፤ በዚያ ከነበሩት ፍሬ በሎችም 5 በመቶ ያህሉ ቫይረሱ ተገኘባቸው። ቆፋሪዎቹ የሌሊት ወፎቹን ፈጁ። ከዚያ በኋላ መጥተው የሰፈሩት ሲመረመሩ ግን ቫይረሱ የተገኘባቸው 13 በመቶ ደርሰው ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2012 በአካባቢው በሽታው እንደገና ተነሣ። በአገራችንም ማርበርግ ለመጀመሪያ ጊዜ በኅዳር 2018 ዓ.ም. በጂንካ ተረጋግጧል። ስለዚህ የልማት ሠራተኛው ማንም ሰው፣ በተለይም እረኛ ልጆች፣ የሌሊት ወፍ ወደሚያድርበት ዋሻ እንዳይገቡ አጥብቆ ማስረዳት አለበት።

ሰብሉን ለመጠበቅ

የሌሊት ወፏ የምትፈልገው የበሰለ ፍሬ ነው። ማንጎ ሙሉ መጠኑን እንደያዘ ገና ሳይለሰልስ ቢለቀም በቤት ውስጥ ይበስላል፤ ፓፓያም ቢጫ መልክ ማሳየት ሲጀምር ይለቀማል። ማኅበራት ለቀማውን ከገበያ ቀን ጋር አስቀድመው ቢያቅዱ ከሁሉ የረከሰው መከላከያ ይህ ነው። ዘይቱንን በስስ ጨርቅ ከረጢት መሸፈን ይቻላል፤ ሥራው አሰልቺ ስለሆነ ለጥቂት ዛፎች ብቻ ያዋጣል። መረብ የሚዘረጋ ሰው ወጥሮ ይሰር፤ የላላ መረብ የሌሊት ወፏን ጠልፎ ይይዛታል፣ የተያዘችውም በባዶ እጅ አትነካም። ለእርሷ የዱር ምግብ እንዲኖር በአካባቢው ያሉ ሾላዎች አይቆረጡ። የተቦጨቀ ፍሬ ለሰውም ለከብትም አይሰጥ፤ በአካፋ ተሰብስቦ ይቀበር።