ካይ-ስኩዌር መቼ ይታመናል?

አየር ጤና ውስጥ ከ24 ቤቶች መረጃ ሰበሰባችሁ እንበል። ከየቤቱ የተመዘገበው አንድ ሕፃን ብቻ ነው። 12ቱ ቤቶች የመጠጥ ውሃቸውን «ውሃ አጋር» በተባለው ማከሚያ ያክማሉ፤ 12ቱ አያክሙም። ባለፉት ሁለት ሳምንታት ከሚያክሙት ቤቶች 1 ሕፃን፣ ከማያክሙት 6 ሕፃናት ተቅማጥ ይዟቸዋል። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል የተመረጡ ናቸው። ጥያቄው ግን ለመመረቂያ ጽሑፉ መረጃ የሚሰበስብ ተማሪ ሁሉ የሚገጥመው ነው፦ ልዩነቱ እውነተኛ ነው ወይስ አጋጣሚ?

ካርል ፒርሰን በ1900 እ.ኤ.አ. ያቀረበው የካይ-ስኩዌር ፈተና የሚነሳው ውሃ ማከምና ተቅማጥ ግንኙነት የላቸውም ከሚል ግምት ነው። በጠቅላላው የታመሙት 7 ናቸው። ግንኙነት ከሌለ ለየወገኑ 3.5 ይደርሳል፤ ጤነኞቹ 17 ስለሆኑ ደግሞ 8.5። እነዚህ «የሚጠበቁ ቁጥሮች» ይባላሉ። መረጃውን ሁለት በሁለት ሠንጠረዥ ውስጥ (ማከም ወይም አለማከም፣ መታመም ወይም አለመታመም) አስገብተን በየሳጥኑ ከታየው ቁጥር የሚጠበቀውን እንቀንሳለን፣ ልዩነቱን በራሱ እናባዛለን፣ ለሚጠበቀው እናካፍላለን። የአራቱ ሳጥኖች ድምር 5.04 ይመጣል። ለሁለት በሁለት ሠንጠረዥ በ5 በመቶ ደረጃ ወሰኑ 3.84 ነው፤ የእኛ በለጠ። ፒ-ቫልዩው፣ ማለትም ግንኙነት ሳይኖር ይህን ያህል ወይም ከዚህ የሰፋ ልዩነት በአጋጣሚ የመታየት ዕድሉ፣ 0.025 ገደማ ነው።

ድምዳሜ ላይ ከመድረሳችን በፊት ግን 3.84 ከየት እንደመጣ እንይ። ወሰኑ የተወሰደው ሳይቆራረጥ ከሚሄድ ከርቭ ነው። የሕፃናት ቆጠራ ደግሞ ከ1 ወደ 2፣ ከ2 ወደ 3 እየዘለለ ይሄዳል። የሚጠበቁት ቁጥሮች ትልልቅ ሲሆኑ ዝላዩ ስለማይጎላ ከርቩ ጥሩ ግምት ይሰጣል፤ ትንንሽ ሲሆኑ ግን ግምቱ ይዛባል። ዊልያም ኮክራን በ1954 እ.ኤ.አ. የሰጠው መመሪያ ከዚህ የመነጨ ነው፦ የሚጠበቅ ቁጥራቸው ከ5 በታች የሆነ ሳጥኖች ከ20 በመቶ አይብለጡ፤ ከ1 በታች የሆነም አንድ አይኑር። የሚመዘነው የታየው ሳይሆን የሚጠበቀው መሆኑን ልብ በሉ። በእኛ ሠንጠረዥ ከአራቱ ሳጥኖች ሁለቱ 3.5 ስለሆኑ መመሪያው ፈርሷል።

አማራጩ የፊሸር ኤግዛክት ቴስት ነው። ይህ ፈተና በከርቭ ከመገመት ይልቅ በቀጥታ ይቆጥራል። ከ24 ሕፃናት 7 ታማሚዎች የሚገኙባቸው መንገዶች 346,104 ናቸው። ከሚያክሙት ወገን 1 ወይም 0 ብቻ የሚታመምባቸው 11,880 ናቸው። በተቃራኒው አቅጣጫም ያው ስለሆነ በድምሩ 23,760 ይሆናሉ። ይህ ለ346,104 ሲካፈል 0.069 ይመጣል፤ ከ0.05 በላይ ነው። ይህ ውሃ ማከም አይጠቅምም ማለት አይደለም፤ 24 ቤት ለማረጋገጥ አልበቃም ማለት ነው። ሠንጠረዡ ከሁለት በሁለት ከሰፋ ደግሞ የሚጠበቁትን ቁጥሮች ለማሳደግ፣ ትርጉም እስካልጠፋ ድረስ ተቀራራቢ ምድቦችን ማዋሃድም ይቻላል።

የናሙና ብዛት የማይፈታው ሁኔታም አለ፦ እያንዳንዱ ምልከታ ራሱን የቻለ መሆን አለበት። ከአንድ ቤት ሦስት ሕፃናት ብንመዘግብ ሦስቱም ከአንድ ጀሪካን ስለሚጠጡ እንደ ሦስት የተለያዩ ምስክሮች አይቆጠሩም፤ የቤቱን ተጽዕኖ ያካተተ ሞዴል ያስፈልጋል። እነዚያኑ ቤቶች ውሃ አጋር ከመጀመራቸው በፊትና በኋላ ከጠየቅን ደግሞ መረጃው ጥንድ ነው፤ ለእሱ የማክኔማር ፈተና አለ።

ሠንጠረዡ ውስጥ የሚገባውም ቆጠራ ብቻ ነው። ከላይ ያሉትን ረድፎች ወደ መቶኛ ቀይረን ብናስገባ 5.04 የነበረው 42 ይሆናል፤ ፈተናው 24 ሳይሆን 200 ሕፃናት ያየን ይመስለዋል።

ኤስፒኤስኤስ የተባለውን የስታቲስቲክስ ፕሮግራም የምትጠቀሙ ከሆነ ከውጤት ሠንጠረዡ ግርጌ የስንት ሳጥኖች የሚጠበቅ ቁጥር ከ5 በታች እንደሆነና ትንሹ የሚጠበቅ ቁጥር ስንት እንደሆነ ይጽፍላችኋል። ፒ-ቫልዩውን ከማየታችሁ በፊት ያንን መስመር አንብቡ። መረጃው ከየት እንደተሰበሰበና ምልከታዎቹ እርስ በርስ የተያያዙ መሆን አለመሆናቸውን ግን ፕሮግራሙ አያውቅም፤ ያንን የምታውቁት ቤት ለቤት የዞራችሁት እናንተ ናችሁ።