በትንሽ የመስተዋት ገንዳ ለሚኖር ኮራል ስለሚገባው ብርሃን

ኮራል ድንጋይ ቢመስልም እንስሳ ነው። በቀይ ባሕርና በሌሎችም ሞቃት ባሕሮች፥ የፀሐይ ብርሃን በሚደርስበት ጥልቀት ይኖራል። በሥጋው ውስጥ በዓይን የማይታዩ ረቂቅ አልጌዎች አሉ፤ እነዚህም በብርሃን ኃይል ምግብ እየሠሩ ይመግቡታል። ስለዚህ ብርሃን ያነሰው ኮራል ይራባል፤ ብርሃን በድንገት የበዛበትም አልጌዎቹን ከሥጋው አስወጥቶ ይነጣል።

ከ40 ሊትር በታች በሚይዝ ገንዳ ይበልጥ የሚያስፈራው የብርሃን መብዛት ነው። ጥልቀቱ ጥቂት ስለ ሆነ መብራቱ ለኮራሉ ይቀርባል፤ ውሃውም ጥቂት ስለ ሆነ ፈጥኖ ይሞቃል። ስለዚህ ኃይሉን ከፍና ዝቅ ለማድረግ የሚቻለው የኤል ኢ ዲ መብራት ይመረጣል። የባሕር ውሃ ቀዩን ብርሃን አስቀድሞ ስለሚውጥ፥ ሰማያዊው ግን ወደ ጥልቁ ስለሚወርድ፥ መብራቱ ሰማያዊና ነጭ የተቀላቀለበት ይሁን።

አዲስ መብራት ሲተከል በዝቅተኛ ኃይል ይጀመር፤ እስከ 4 ሳምንት ድረስ ጥቂት በጥቂት ከፍ ይበል። በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት ይበቃል፤ ሌሊቱ ጨለማ ይሁን። ብዙ ብርሃን የሚሻው እንደ አክሮፖራ ያለው በላይ፥ ለስላሳው ኮራል በታች ይቀመጥ። የውሃው ሙቀት ከ24 እስከ 26 ዲግሪ ይጠበቅ። ጨው ከውሃ ጋር አይተንምና፥ የተነነው ሁሉ ጨው በሌለበት ንጹሕ ውሃ ይተካ።

ኮራሉ መንጣት ቢጀምር አስቀድሞ የውሃው ሙቀት ይመርመር፤ ከዚያም የመብራቱ ኃይል ይቀነስ ወይም መብራቱ ይራቅ። ሥጋው ሕያው ሳለ ቢደረስለት አልጌው ሊመለስ ይችላል፤ ቢዘገይ ግን የሚቀረው አጥንቱ ብቻ ነው።