ሸክምና ጌጥ፤ ከግሪክ ቤተ መቅደስ እስከ ጎቲክ ካቴድራል

ሕንፃ ሲባል ብዙዎቻችን አስቀድመን የምናስበው ጌጡን ነው። እኔም ስለ አውሮፓ ጥንታዊ ሕንፃዎች መማር በጀመርሁ ጊዜ የዐምዶቹን ስምና የመስኮቶቹን መልክ በቃሌ ለመያዝ ብቻ እደክም ነበር። ኋላ ግን ዋናውን ነገር በጠመኔ ተረዳሁት። አራት ጠመኔዎች አቁሜ መጽሐፍ ብጭንባቸው ቻሉት። አንዱን ጠመኔ ግን በሁለት መጻሕፍት መካከል አጋድሜ በጣቴ ብጫነው ወዲያው ከመካከሉ ተሰበረ። የድንጋይም ጠባይ እንደዚሁ ነው፤ ሲጫኑት ይችላል፥ ሲያጐብጡት ግን ይሰበራል። የምዕራቡ ዓለም ግንበኞች ይህን ጠባይ እንዴት እንዳሸነፉት በአጭሩ ለማስረዳት እሞክራለሁ። ዘመኑን የምጽፈው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ግሪኮች የሚሠሩት ዐምድ አቁመው በላዩ ድንጋይ በማጋደም ነበር። ከሥራቸው ሁሉ የታወቀው በአቴና ከተማ ያለው ፓርቴኖን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ447 ተጀምሮ በ438 ተመረቀ። መሐንዲሶቹም ኢክቲኖስና ካሊክራቴስ ይባላሉ። በፊቱ 8፥ በጐኑ 17 ዐምዶች ነበሩት። የዐምዶቹ መቀራረብ ለውበት ብቻ አይደለም፤ በመካከላቸው ያለው ርቀት ቢሰፋ የተጋደመው ድንጋይ እንደ ጠመኔዬ ይሰበር ነበርና ነው። ስለዚህ በተጋደመ ድንጋይ ሰፊ አዳራሽ መክደን አልተቻለም።

ሮማውያን ግን ቅስትን አስፋፉ። በቅስት ውስጥ እያንዳንዱ ድንጋይ ከታች ጠበብ፥ ከላይ ሰፋ ተደርጎ ስለሚጠረብ፥ ሸክሙ ድንጋዮቹን እርስ በርሳቸው ያጣብቃቸዋል እንጂ አያጐብጣቸውም። ከዚህም ጋር ኖራን ከእሳተ ገሞራ አመድ ጋር ቀላቅለው ጠንካራ ኮንክሪት ሠሩ። በሮም ከተማ በንጉሠ ነገሥት ሐድርያኖስ ዘመን፥ በ126 ገደማ የተፈጸመው ፓንቴዎን ጉልላቱ 43 ሜትር ይሰፋል። ወደ ላይ በወጡ መጠን ጉልላቱን አሳስተውታል፤ በጫፉም ቀላል ድንጋይ ጨምረውበታል። ይኸው እስከ ዛሬ ቆሞአል።

ይሁን እንጂ ቅስት አንድ ዕዳ አለበት፤ ሸክሙን ወደ ታች ብቻ ሳይሆን ወደ ጐንም ይገፋል። ከ532 እስከ 537 በቍስጥንጥንያ የተሠራው የሐጊያ ሶፊያ ጉልላት በ558 ወደቀ። እንደገና ሲሠራ፥ ወደ ጐን የሚገፋው ኃይል እንዲቀንስ ከፊተኛው ከፍ ተደረገ። በ11ኛውና በ12ኛው መቶ ዓመት ሮማነስክ በሚባለው አሠራር ደግሞ ግፊቱን የሚመክተው የግድግዳው ውፍረት ነበር። መስኮት ሲከፈት ግድግዳው ስለሚደክም መስኮቶቹን አሳነሱአቸው፤ ቤተ ክርስቲያኖቹም በውስጣቸው ጨለማ ሆኑ።

ይህን ጨለማ ያስወገደው ጎቲክ ነው። በፓሪስ አጠገብ የሚገኘው የሴንት ዴኒ ገዳም አበምኔት ሱጄ ከ1140 እስከ 1144 ባሠራው ክፍል አዲሱ ዘዴ በግልጽ ታየ። ዘዴውም በኋላ ሲፈጸም ሦስት ነገሮች ተባበሩበት። አንደኛ፥ ጫፉ ሹል የሆነው ቅስት ከክቡ ይልቅ ወደ ጐን ጥቂት ይገፋል። ሁለተኛ፥ በጣራው ሥር እንደ ጐድን አጥንት የተዘረጉት ድንጋዮች ሸክሙን ሰብስበው ወደ ዐምዶች ያወርዳሉ። ሦስተኛ፥ ከግድግዳው ውጭ እንደ ክንድ የተዘረጋው ግማሽ ቅስት የቀረውን ግፊት ይቀበላል። ግድግዳው ከሸክም ነፃ ሲወጣ በቦታው ባለ ቀለም መስታወት ገባ። ከ1194 ቃጠሎ በኋላ እንደገና የተሠራው የሻርትር ካቴድራል ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው።

ድፍረት ግን ልክ አለው። በፈረንሳይ አገር በቦቬ ከተማ ጣራውን 48 ሜትር ከፍ አድርገው በ1272 ጨረሱት፤ በ1284 ከፊሉ ተናደ። ዐምድ ጨምረው መልሰው ሠሩት። በ1569 ደግሞ 153 ሜትር የሚደርስ ግንብ አቆሙበት፤ እርሱም በ1573 ወደቀ። ካቴድራሉ እስከ ዛሬ ሳይፈጸም ቀርቶአል፤ የቆመው ክፍል ግን ከፍታው አሁንም ያስደንቃል።

ወንድሞቼና እኅቶቼ ተማሪዎች፥ አባቶቻችን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላሉ። ለእኔ የጎቲክ ምስጢር ይህ ነው። አንድ ወፍራም ግድግዳ ይሸከመው የነበረውን ብዙ ቀጫጭን ድንጋዮች ሲካፈሉት፥ ሸክሙ ራሱ ጌጥ ሆነ። ከእንግዲህ የትኛውንም ሕንፃ ባየሁ ጊዜ፥ ከማድነቄ በፊት ሸክሙ በየት በኩል ወደ መሬት እንደሚወርድ እጠይቃለሁ፤ እናንተም ጠይቁ።