በሸክላ ዕቃ የተተከለ ትንሽ ዛፍ በጁባ ከዝናም ወደ በጋ ሲሻገር

ዛፍን ጥልቀት በሌለው የሸክላ ዕቃ ተክሎ፥ ሥሩንና ቅርንጫፉን በየጊዜው እየቈረጡ ትንሽ ሆኖ እንዲያረጅ ማድረግ ከቻይና ተነሥቶ በጃፓን የበለጸገ ጥበብ ነው። ጃፓኖች ቦንሳይ ይሉታል፤ ትርጓሜውም በዝርግ ዕቃ የተተከለ ማለት ነው። በደቡብ ሱዳን ዋና ከተማ በጁባ፥ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያንም በንግድ በሚኖሩባት ከተማ፥ ይህን ሥራ ለሚጀምር ሰው ሁመር ወይም ሮቃ የሚባለው ዛፍ፥ እንዲሁም የዋርካና የሾላ ወገን ተስማሚ ናቸው፤ ሙቀትን የለመዱ ናቸውና።

ጀማሪውን የሚያሳስተው የመፀው ወራት አጠባበቅ ነው። ስለዚህ ጥበብ የተጻፉት መጻሕፍት አብዛኞቹ ለብርድ አገር የተጻፉ እንደ መሆናቸው መጠን፥ በመፀው ውሃ እንዲቀነስና ዛፉ ከውርጭ እንዲሸሸግ ያዛሉ። ጁባ ግን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 5 ዲግሪ ያህል ርቃ፥ በነጭ ዓባይ ዳር ያለች፥ ውርጭ የማታውቅ ከተማ ናት። ዝናሙ ከሚያዝያ እስከ ጥቅምት ይዘንማል፤ በኅዳር ይሳሳና ደረቅ የሰሜን ነፋስ ይተካዋል፤ በየካቲትም ሙቀቱ ከ35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይወጣል። ስለዚህ በዚያ የመፀው ተግባር ዛፉን ለብርድ ሳይሆን ለጥማት ማዘጋጀት ነው። የመጽሐፉን ትእዛዝ እንዳለ የፈጸመ ሰው፥ ዝናሙን ሁሉ ያሳደገውን ዛፍ በጥቂት ቀን ሊያጣ ይችላል።

1ኛ፤ ውሃ፤ ጥልቀት የሌለው ዕቃ በአንድ ቀን ሊደርቅ ስለሚችል፥ አፈሩን በየማለዳው በጣት መመርመር ያስፈልጋል። ላዩ ደርቆ ከተገኘ፥ ውሃው ከዕቃው ሥር ባለው ቀዳዳ እስኪወጣ ድረስ ቀስ ተብሎ ይጠጣል። በጁባ ብዙ ቤተ ሰብ ውሃ ከቦቴ መኪና የሚገዛ በመሆኑ፥ አትክልት የታጠበበት ውሃ ለዚህ ይበቃል፤ ሳሙና ወይም ጨው ያለበት ግን ሥሩን ይጐዳል።

2ኛ፤ ስፍራ፤ ዕቃው የጧት ፀሓይ በሚያገኝና ከቀትር በኋላ ጥላ በሚያርፍበት ቦታ ይቀመጥ። ምስጥ ቢመጣ ቶሎ እንዲታይ ከመሬት ከፍ ይበል፤ እርጥበቱም እንዳይሸሽ በአፈሩ ላይ የተከተፈ ደረቅ ሣር ይነስነስ።

3ኛ፤ ሽቦ፤ ቅርንጫፍ ለማጕበጥ የተጠመጠመ ሽቦ፥ ቅርንጫፉ በዝናሙ ወራት ስለሚወፍር ቅርፊቱን ይሰረስራል። ስለዚህ በጥቅምት ተመርምሮ፥ የጠበቀው ሳይፈታ በመቍረጫ እየተቈራረጠ ይውጣ።

4ኛ፤ ሥር፤ ሥር መቍረጥና ዕቃ መለወጥ እስከሚመጣው ዝናም ይቈይ። በደረቅ ነፋስ ወራት ሥሩ የተቈረጠ ዛፍ ቅጠሉ የሚያተነውን ውሃ መተካት አይችልምና።

5ኛ፤ የቅጠል መርገፍ፤ ሁመር በድርቅ ጊዜ ቅጠሉን ሊያራግፍ ይችላል። ያን ጊዜ ሞተ ብሎ ከመጣል በፊት ቅርፊቱን በጥፍር ጥቂት መፋቅ ይገባል፤ ከሥሩ አረንጓዴ ከታየ ዛፉ ሕያው ነው። ቅጠል እስኪያወጣ ድረስ ግን የሚጠጣው ስለሚያንስ አፈሩ እንዳይጨቀይ ይጠንቀቁ።

ይህ ትምህርት ለጌጥ ዛፍ ብቻ የሚጠቅም አይደለም። በላስቲክ ከረጢት የሚያድጉ የማንጎና የሉሉ ችግኞችም ሥራቸው በጥቂት አፈር የተወሰነ ስለሆነ፥ የሚያሰጋቸው ይኸው ጥማት ነው። ስለዚህ ገበሬውም ሆነ የችግኝ ጣቢያ ሹሙ የበጋውን ውሃና ጥላ ዝናሙ ሳያቋርጥ አስቀድሞ ሊያሰናዳ ይገባዋል።