ምዕራፍ 7፦ ቢልድ ማፍጠን፣ ኤፒኬ ማቅለል

የአንድሮይድ ፕሮጀክት ቢልዱ የሚንቀራፈፈውም ኤፒኬው የሚያብጠውም አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ምክንያት ነው፦ የማያስፈልገውን ይሸከማል። የትኛው እንደማያስፈልግ በግምት አይታወቅም፤ መለካት ይቀድማል። የቢልድ መሣሪያው ግሬድል በፕሮፋይል አማራጭ ሲነሳ የትኛው ተግባር ስንት ሰከንድ እንደፈጀ በሪፖርት ያወጣል። የአንድሮይድ ስቱዲዮ ኤፒኬ አናላይዘር ደግሞ ኮዱ፣ ምስሉና ላይብረሪው የያዙትን ቦታ ለየብቻ ያሳያል። ገንቢው በእጁ የጻፈው ኮድ ከጠቅላላው ጥቂቱ ሆኖ መገኘቱ የተለመደ ነው።

በደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ ጋፋት ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የመመረቂያ ፕሮጀክቱን የሚሠራ ተማሪ ላፕቶፑን ከመውቀሱ በፊት ኔትወርኩን ቢያይ ይሻለዋል። ግሬድል ብቻውን ከ100 ሜጋባይት በላይ ነው፤ አዲስ የሥሪት ቁጥር በተጻፈ ቁጥር ይኸው ሸክም ዳግም ይወርዳል። ፕሮጀክቶቹ ሁሉ በአንድ ሥሪት ከሠሩ አንዴ የወረደው ለሁሉም ይበቃል። «ኦል» የተባለው ዓይነት ሰነድና ምንጭ ኮድ ጨምሮ ስለሚመጣ «ቢን» የተባለው ይመረጣል። የላይብረሪ ቁጥር በመደመር ምልክት ሲተው ግሬድል 24 ሰዓት ባለፈ ቁጥር አዲስ ወጥቶ እንደሆነ ኢንተርኔት ላይ ያጣራል፤ ቁጥሩን ቁርጥ አድርጎ መጻፍ ይህን ያስቀራል። ሁሉም ከወረደ በኋላ ኦፍላይን ሞዱ ቢበራ መስመር ሲቋረጥ ሥራ አይቆምም።

ቢልድ ካሽና ትይዩ ሥራ በግሬድል ፕሮፐርቲስ ፋይል ውስጥ በሁለት መስመር ይበራሉ። ስህተት በታየ ቁጥር ክሊን ማለት ግን የተሠራውን አፍርሶ ከዜሮ ማስጀመር ነው፤ ብዙዎች እንደ ጸሎት ይደጋግሙታል። ራሙ 4 ጊጋባይት ለሆነ ማሽን ኢሙሌተሩን ዘግቶ ስልክ በኬብል መሰካት ከሁሉም ማስተካከያ የላቀ እፎይታ ይሰጣል።

ጋፋት ላይ የተሠራው የዐፄ ቴዎድሮስ መድፍ ሴባስቶፖል 7 ቶን ገደማ ነበረና በ1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር መቅደላ ለመድረስ ወራት ፈጅቷል። ኤፒኬም ተሠርቶ ካለቀ በኋላ የማድረሱ ጣጣ ይጠብቀዋል። ጎግል ፕሌይ ከነሐሴ 2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለአዳዲስ መተግበሪያዎች ግዴታ ያደረገው አፕ በንድል ለእያንዳንዱ ስልክ የሚስማማውን ብቻ ቆርጦ ይልካል። በቴሌግራም ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፍ ኤፒኬ ግን ይህን ጥቅም አያገኝም። ስለዚህ ለአርም 32 ቢትና ለ64 ቢት ስልኮች የተለያየ ኤፒኬ ማውጣት፣ ይበልጡን ኢሙሌተር የሚጠቀምበትን የኢንቴል ክፍል መተው ያስፈልጋል።

ፎቶን ከጄፔግ ወደ ዌብፒ መለወጥ በጎግል መለኪያ መጠኑን ከ25 እስከ 34 በመቶ ይቀንሳል። የአማርኛ ጽሑፍ ራሱ አያሳስብም፤ እያንዳንዱ ፊደል በዩቲኤፍ 8 ሦስት ባይት ቢይዝም ጽሑፍ የሚወስደው ቦታ ትንሽ ነው። የሚከብደው ፎንቱ ነው። ቀጭን፣ መደበኛና ደማቅ ተብሎ ሦስት ፋይል ይጨመራል፤ የቅርብ ዓመታት አንድሮይድ ስልኮች ግን የግዕዝ ፊደልን ይዘው ነው የሚመጡት። የራስ ፎንት የግድ ከሆነ ፎንትቱልስ በተባለው የፓይተን መሣሪያ የማይፈለጉትን ፊደላት ማውጣት ይቻላል። እዚህ ላይ ስስት አይበጅም፦ «ቋ» ከተቆረጠ ቋራ ብሎ የጻፈ ተጠቃሚ ፊደሉን ከሌሎቹ በተለየ የስልኩ ፎንት፣ የግዕዝ ፊደል በሌለው ስልክ ደግሞ ባዶ ሳጥን ሆኖ ያያል። «ጓ» እና «ኳ»፣ አራት ነጥብና ነጠላ ሰረዝ፣ የግዕዝ ቁጥሮችም ሊቀሩ አይገባም።

አር ኤይት የማይጠራ ኮድን ከሪሊዝ ቢልድ ያስወግዳል፤ የማያገለግሉ ምስሎችን የሚያስቀረው ቅንብርም አብሮት ይሠራል። ሆኖም በሪፍሌክሽን፣ ማለትም ፕሮግራሙ እየሠራ በስሙ ብቻ የሚጠራው ክላስ፣ ለአር ኤይት የማይጠራ ይመስለዋል። ዲበግ ላይ ያለችግር የሠራው መተግበሪያ ሪሊዝ ላይ ከፍቶ ወዲያው የሚዘጋው በዚህ የተነሳ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያሉት ክላሶች በኪፕ ደንብ ይጠበቃሉ፤ ስልክ ላይ ተጭኖ የሚሞከረውም ለተጠቃሚ የሚላከው ኤፒኬ ራሱ ነው።